ከኦሎምፒክ ጎዳና እስከ ቶቢታክዩ፦ ጸጥ ያለ ሰፈር እንዴት ይሠራል?

በሎስ አንጀለስ የፌርፋክስ ጎዳና ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ጋር ከሚገናኝበት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ደቡብ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ የሚዘልቀው አጭር መንገድ በ2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምግብ ቤቶቹ፣ የበርበሬና የእንጀራ መደብሮቹ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጨሰው የቡና ዕጣን በካሊፎርኒያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደሉም። ከመንገዱ ስም በላይ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ስም አለ። ኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ቀድሞ 10ኛ ጎዳና ይባል ነበር፤ ስሙ የተለወጠው ከተማዋ በ1932 አሥረኛውን የኦሎምፒክ ውድድር ስታስተናግድ ለመታሰቢያ ነው። በዚያ ውድድር የጃፓን ዋናተኞች ዓለምን አስደንቀው ነበር። ኢትዮጵያ ገና በኦሎምፒክ መድረክ አልታየችም። ውድድሩ በ1984 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመለስም ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በማበር ስለቀረ፣ በዚያ ዘመን ወደ ከተማዋ በስደት ይገቡ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ሯጮች በአዲሱ ከተማቸው ለማየት አልታደሉም።

ከዚህ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ቶኪዮ የሚሄድ መንገደኛ ያንኑ ስም በሌላ ሰፈር ያገኘዋል። በቶኪዮ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ በሚባል የባቡር ጣቢያ አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» የተባለ ምግብ ቤት አለ። በጃፓን የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ከሎስ አንጀለሶቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም ጉልህ ክፍላቸው የሚኖረው በዚህ ወረዳ ነው። «አደይ አበባ» የተሰኘው የኢትዮጵያውያን ማኅበርም እዚያው ይንቀሳቀሳል። ዮትሱጊ የጎብኚ መዳረሻ አይደለም። ትናንሽ ቤቶች፣ ጥቃቅን ወርክሾፖች፣ በጠዋት የሚሞላና ማታ የሚራገፍ ባቡር ያሉበት ተራ የሠራተኛ ሰፈር ነው።

መንገደኛው ከተማውን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ቢሄድ ሌላ ተመሳሳይ ሰፈር ይጠብቀዋል። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቶቢታክዩ ይደረሳል። የቾፉ ከተማ አካል የሆነው ይህ ሰፈር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ጥቅምት 21 ቀን 1964 የተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ከብሔራዊ ስታዲየም ተነሥቶ በጥንቱ የኮሹ ጎዳና ወደ ምዕራብ ወጥቶ የተመለሰው ከዚህ ነው። አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ውድድሩን እየመራ ቶቢታክዩ ደርሶ ዞረ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድም ገባ። በኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የዞረበትን ስፍራ የሚያመለክት መታሰቢያ ዛሬም በመንገዱ ዳር ቆሟል።

ሦስት ጉብኝቶች

ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ለመማሪያነት ሲመለከቱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጃፓንን ምሳሌ ለአገራቸው ነገሥታት አቅርበው ነበር። በ1931 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ ሲረቀቅ፣ የ1889ኙን የሜጂ ሕገ መንግሥት ተከትሎ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልዑካን ቡድን መርተው ጃፓን ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱን አገኙ፤ ከተሞችንና የሥራ ተቋማትን ተመለከቱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚለው መጽሐፋቸው ያንኑ ጥያቄ መልሰው አነሡት።

ሁለተኛው ታላቅ ጉብኝት የ1964ቱ ነው። በሩጫ ስለተፈጸመ የፖሊሲ ጉብኝት ተብሎ አይቆጠርም፤ ሆኖም አንድ ኢትዮጵያዊ በአንድ ጃፓናዊ የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ ለዓለም ሁሉ የታየበት ቀን እርሱ ነው።

ሦስተኛው የቅርብ ዘመን ነው። ከ2008ቱ የቶኪዮ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የካይዘንን አሠራር ከጃፓን ጠየቀ። በ2009 በጃይካ ድጋፍ በ30 ያህል ፋብሪካዎች ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

የመጀመሪያው ጉብኝት ያተኮረው በዙፋኑ፣ በሕጉና በንግዱ ላይ ነበር፤ የመጨረሻው በፋብሪካው ወለል ላይ። በመካከል የቀረው ሠራተኛው ከፋብሪካው ወጥቶ የሚሄድበት ቤትና ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ነው። የጃፓን ዘመናዊነት ግን ከፋብሪካው በማያንስ ሁኔታ የተሠራው እዚያ ነው። ፋብሪካው በሰዓቱ የሚጀምረው ሠራተኛው በሰዓቱ ስለሚደርስ ነው፤ ሠራተኛው በሰዓቱ የሚደርሰውም ቤቱ የተሠራበት ቦታ አስቀድሞ ከባቡር ጋር ስለታሰበ ነው። የምርት ብክነትን በደቂቃ የሚለካ አሠራር፣ ሠራተኛው በየቀኑ በታክሲ ወረፋ ሁለት ሰዓት ከሚያጠፋበት ከተማ ሲገባ ግማሽ ትርጉሙን ደጅ ጥሎ ይገባል።

ጸጥታው ከምን ተሠራ?

ቶቢታክዩን ወይም ዮትሱጊን በሥራ ቀን ረፋድ ላይ የሚጎበኝ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጸጥታውን ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ አብዛኞቹ የእግረኛ መንገድ እንኳ የላቸውም። ሆኖም ልጆች ያለ አሳዳጊ ትምህርት ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። በጣቢያው አጠገብ ብስክሌቶች በረድፍ ቆመዋል። ከጣቢያው የሚወጣው መንገድ በዳቦ ቤት፣ በመድኃኒት ቤት፣ በልብስ ንጽሕና መስጫ የታጀበ ነው፤ ማታ የሚመለሰው ሠራተኛ ጉዳዩን ጨርሶ ቤቱ የሚገባው በእግሩ ነው። ወደ ማታ ልጆች ወደየቤታቸው እንዲገቡ የሚያስታውስ ዜማ ከማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ጎብኚ ይህን ሁሉ በ«ባህል» ሊያስረዳው ይፈተናል። ጃፓናውያን ሥርዓት ያላቸው ሕዝብ ናቸው፤ ነገሩ በዚህ አለቀ ይላል። ይህ ማስረጃ ለፖሊሲ ሰው አይጠቅምም፤ ባህል በውሰት አይመጣምና። የጸጥታው አንዱ ምንጭ ግን ቀንና ቁጥር ያለው ሕግ ነው። በ1962 የወጣው ሕግ መኪና የሚገዛ ሰው ከመንገድ ውጭ የሚያቆምበት ቦታ እንዳለው አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል፤ መንገድን የመኪና ማደሪያ ማድረግንም ይከለክላል። ሕጉ የወጣው የግል መኪና ገና ለጥቂቶች ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። መኪናው ከመብዛቱ በፊት ደንቡ ስለቀደመ፣ ጠባቡ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ቀረ።

ሁለተኛው ምንጭ የአሠሪው ልማድ ነው። የጃፓን ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛውን የመመላለሻ ወጪ ይሸፍናሉ፤ መንግሥትም ይህን አበል እስከ ተወሰነ መጠን፣ ዛሬ በወር እስከ 150,000 የን ድረስ፣ ከግብር ነፃ አድርጎታል። በመሆኑም ርቆ መኖር ሠራተኛውን በኪሱ አይቀጣውም፤ ባቡሩም የማይቋረጥ ገቢ አለው።

ሦስተኛውና ሥር የሆነው ምንጭ የባቡር ኩባንያው ነው። በ1910 ኮባያሺ ኢቺዞ ከኦሳካ ወጣ ብሎ ብዙ ሰው በማይኖርበት ገጠር የባቡር መስመር ዘረጋ። ተሳፋሪ እንደማይኖር ስላወቀ በመስመሩ ዳር አስቀድሞ መሬት ገዝቶ ነበር፤ በኢኬዳ ቤቶች ሠርቶ፣ ጥቂቱን በቅድሚያ፣ ቀሪውን በ10 ዓመት ክፍያ ለደመወዝተኞች ሸጠ። በ1929 በኡሜዳ ተርሚናል ላይ ትልቅ የገበያ ማዕከል ከፈተ። ጠዋት ሠራተኛው ወደ ከተማ ይሄዳል፤ እሑድ ቤተሰቡ ለገበያና ለመዝናኛ በዚያው ባቡር ይመላለሳል። ኬዮን ጨምሮ የቶኪዮ የግል የባቡር ኩባንያዎች ቀስ በቀስ ይህንኑ ዘዴ ተከተሉ። ከትኬት የሚገኘው ገንዘብ ብቻውን የማይሸፍነውን፣ መስመሩ ራሱ የፈጠረው የመሬት ዋጋና ንግድ ሸፈነው።

ሸጦ የሄደ፣ ሸጦ የቆየ

የፌርፋክስ አካባቢ ነዋሪ ይህን ሲሰማ የራሱን ሰፈር ታሪክ ሊያስታውስ ይገባዋል። ከሊትል ኢትዮጵያ በስተ ምዕራብ ያለው ካርቴይ በ1922 ሲመሠረት ሠራተኞች በባቡር እየተመላለሱ የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። በሳን ቪሴንቴ ጎዳና ላይ የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ቀይ ባቡር ያልፍ ነበር። ሎስ አንጀለስ በመኪና የተሠራች ከተማ ትመስላለች እንጂ የተዘረጋችው በባቡር ነው። ፓሲፊክ ኤሌክትሪክን በ1901 የመሠረተው ሄንሪ ሀንቲንግተን ሥራው ከኮባያሺ ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ነበር፦ ባቡር ወደ ባዶ መሬት ወስዶ መሬቱን መሸጥ።

ልዩነቱ ከሽያጩ በኋላ በሆነው ነው። ኮባያሺ የመጀመሪያውን መስመር በከፈተበት ወቅት፣ ከ1910 እስከ 1911 ባለው ጊዜ፣ ሀንቲንግተን የባቡር ድርሻውን ለሳውዘርን ፓሲፊክ አስረክቦ የመሬት ንግዱን ለራሱ አስቀረ። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ሰፈሩን ከፈጠረው ትርፍ ተለየ። መሬቱ ሲያልቅ የቀረው ኪሳራ ያለበት የትኬት ንግድ ብቻ ነበር። መኪና ሲበዛ ባቡሩ ከመኪና ጋር በአንድ መንገድ ላይ እየተጋፋ ዘገየ፤ ጥገናው ተጓደለ። የመጨረሻው ቀይ ባቡር በ1961፣ የመጨረሻው የከተማ ትራም በ1963 ቆመ። ቶኪዮ ለኦሎምፒክ አዳዲስ መስመሮች በምትከፍትበት ወቅት ሎስ አንጀለስ የራሷን ነቅላ ጨረሰች።

መልሶ መሥራቱ ከመንቀሉ እጅግ ከበደ። በመጋቢት 1985 በፌርፋክስ አቅራቢያ አንድ የልብስ መደብር ከመሬት በታች በተጠራቀመ የሜቴን ጋዝ ፈነዳ። አደጋው በአካባቢው ዋሻ ለመቆፈር የፌደራል ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ አስከተለ፤ ሕጉ የተነሣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2007 ነው። በዊልሻየር ጎዳና ሥር ወደ ፌርፋክስ የሚያደርሰው የባቡር ዋሻ ግንባታ የተጀመረው በ2014 ነበር። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መንገዱን ሰፈር ያደረጉት በእነዚህ ባቡር አልባ ዓመታት ነው። የሊትል ኢትዮጵያ ደንበኛ ከኢንግልውድም ይምጣ ከሸለቆው ማዶ የሚመጣው በመኪና ነው፤ ስሙን የተሸከመው መንገድ ላይ የሚበላው እንጂ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ምልክቱ የተሰቀለው ሰዎቹ ተበታትነው በሚኖሩበት ከተማ ነው።

ባቡሩ ሳይደርስ የደረሱ ቤቶች

ጃፓን ራሷ ይህን ትምህርት ያለ ስሕተት አልተማረችም። ከቶቢታክዩ ብዙም በማይርቀው የታማ ኮረብታ ላይ በ1965 ለ300,000 ሰው የሚበቃ አዲስ ከተማ ታቀደ። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በ1971 ገቡ፤ ባቡሩ ግን የደረሰው በ1974 ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ነዋሪዎቹ በተጨናነቀ አውቶቡስ ወደ ሩቅ ጣቢያ ይጓዙ ነበር፤ ሰፈሩም «በየብስ ላይ ያለች ደሴት» የሚል ስም ወጣለት። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ መሬቱን የያዘው የመንግሥት ቤቶች ድርጅትና ተቋማት ስለነበሩ፣ የባቡር ኩባንያዎቹ ከመሬቱ ምንም የማያገኙበትን ውድ መስመር ለመሥራት አመነቱ። መንግሥት የግንባታ ወጪውን ለመጋራት ሲስማማ ባቡሩ መጣ።

የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የራሱ ታሪክ ነው። ከ2005 አካባቢ ጀምሮ በተካሄደው መርሐ ግብር በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠሩ። በአገሪቱ ታሪክ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ነዋሪ የቤት ባለቤትነት በር የከፈተ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የየካ አባዶ፣ የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች የቆሙት መሬት በተገኘበት በከተማው ጠርዝ ነው። በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ያለው፣ በምሥራቅ አያት ላይ፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ቤቶቹ ግን ከዚያ አልፈው ናቸው። ዕጣ የወጣለት ሰው ደስታው ሳይበርድ፣ ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ አንበሳ አውቶቡስ ወይም ሃይገር መጠበቅን ለመደ። ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ ዳር የተዛወሩ ድሆች ደግሞ ቤት ሲያገኙ የሚተዳደሩበትን ገበያ አጡ።

ባቡሩም ከመሬቱ የተፋታ ነበር። አብዛኛው ወጪው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በዶላር የተበደሩት ነው፤ ገቢው ግን በብር የሚከፈል ከ2 እስከ 6 ብር የሚደርስ ትኬት ነበር። በጣቢያዎቹ ዙሪያ የመሬት ዋጋ ሲያድግ ከጭማሪው ለባቡሩ የደረሰው የለም። መለዋወጫ ሲያስፈልግ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ።

የመሬቱ ባለቤት ማን ነው?

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የኮባያሺ ዘዴ የተሳካው መሬት የግል በሆነበት አገር ነው፤ በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ስለሆነ ኩባንያ ሊገዛው አይችልም። ተቃውሞው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ወደ ተቃራኒው ያመራል። ኮባያሺ ከባለመሬቶች ጋር አንድ በአንድ ተደራድሮ ማሰባሰብ የነበረበትን መሬት፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር በአንድ እጁ ይዞታል። ባቡርን፣ ቤትንና መሬትን በአንድ ሒሳብ ለማሰብ የሚያስችል ሥልጣን ያለው እርሱ ነው።

የጎደለው የሒሳቡ አንድነት ነው። ቤቱን የሚሠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ባቡሩን የሚያስተዳድረው ሌላ፣ መሬቱን በሊዝ የሚያጫርተው ሦስተኛ ነው። የሊዙ ዋጋ በጨረታው ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ መንገድና ባቡር ሲመጣ የሚፈጠረው ጭማሪ ለያዘው ሰው ይቀራል። በዚህ ረገድ አስተዳደሩ ከኮባያሺ ይልቅ ሀንቲንግተንን ይመስላል፤ መሬቱን ይሸጥና ከሰፈሩ ዕድል ይለያል። በ2025 መጀመሪያ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ጭማሪ በከፊል የሚመልስ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ፍሬ ማፍራቱ የሚወሰነው ገንዘቡ በሚሄድበት ቦታ ነው። በጠቅላላ በጀት ውስጥ ከሰጠመ ለቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ሌላ ዕዳ ይሆንበታል፤ በከፊሉም ቢሆን ለአውቶቡስና ለባቡር አገልግሎት ተለይቶ ከተመደበ ግን ነዋሪው የሚከፍለውን በደጁ ያየዋል።

ሌላው ጥንቃቄ ምሳሌው ራሱ እያረጀ መሆኑ ነው። በጃፓን በ2023 በተደረገው ቆጠራ ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች 9 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ይህም ከአገሪቱ ቤቶች 13.8 በመቶ ነው። የታማ የመጀመሪያ ነዋሪዎች ዛሬ ሊፍት በሌላቸው ሕንፃዎች ውስጥ አርጅተዋል። በአንድ ዘመን፣ ለአንድ ዓይነት ቤተሰብ፣ በአንድ ጊዜ የተሠራ ሰፈር በአንድ ጊዜ ያረጃል። አራትና አምስት ፎቅ ሆነው ያለ ሊፍት የተሠሩት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ለዲያስፖራው ባለሙያ ጉዳዩ ከዕውቀት ያለፈ ነው። በጡረታ ዘመኑ የሚገባበትን ቤት አዲስ አበባ ጠርዝ ላይ ከሎስ አንጀለስ ሆኖ የሚገዛ ብዙ ነው፤ ወላጆቹን በዚያ ያኖረም አለ። ሲገዛ የሚጠይቀው የካሬ ሜትሩን ዋጋና የካርታውን ጉዳይ ነው። እናቱ ያለ ልጅ ወይም ያለ ጎረቤት መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ገበያ በእግሯ ወይም በአውቶቡስ መድረስ መቻሏን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከመኪና ከተማ የመጣ ዓይን የመኪና ሰፈርን ይመርጣል፤ ገንዘቡም ምርጫውን ተከትሎ አገር ቤት ያለውን ግንባታ ይቀርጻል።

ሎስ አንጀለስ በ2028 ኦሎምፒክን ለሦስተኛ ጊዜ ታስተናግዳለች፤ ለዚያም ትታው የነበረውን ባቡር በብዙ ቢሊዮን ዶላር መልሳ ስትዘረጋ ቆይታለች። ከሊትል ኢትዮጵያ ወደ ቶኪዮ የሚሄድ መንገደኛ የአበበን መዞሪያ ለማየት ቶቢታክዩ ሲወርድ፣ ከመታሰቢያው ድንጋይ በተጨማሪ የመጣበትን መስመር ታሪክ ቢያስተውል ይጠቀማል። መስመሩ ከሩጫው በፊት ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ተዘርግቶ ነበር፤ ሰፈሩ የመጣው እሱን ተከትሎ ነው።